በወንጌሉ ኅዳግ

ከባሕር ዳር የተነሣ ጀልባ ብዙ ሳይርቅ ክብራን ገብርኤል ይደርሳል። ገዳሙን በ14ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን የመሠረቱት አባ ዘዮሐንስ እንደሆኑ ይነገራል። ከዕቃ ቤቱ መጻሕፍት ሁሉ ስሙ ርቆ የተሰማው በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተጻፈው ባለ ሥዕሉ አራቱ ወንጌል ነው። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ጽፈዋል፤ የሚገባቸውም ነው። እኔ የምተርከው ግን በጣና ዙሪያ ባሉ ወንጌሎችና ስንክሳሮች ውስጥ ሥዕልም ቅዱስ ቃልም ስላልሰፈረባቸው ገጾች ነው።

የብራና መጽሐፍ ሲደጎስ ከፊትና ከኋላ ባዶ ቅጠል ይተውለታል። ማቴዎስ አልቆ ማርቆስ እስኪጀምርም ገጽ ይተርፋል። ግራና ቀኙ ኅዳግ ነው። ብራና ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፤ አንድ ወንጌል ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ባዶው ቅጠል ባዶ ሆኖ አይቀርም። ንጉሥ ጉልት ሲሰጥ የመሬቱ ስም፣ የተቀበለው ደብርና በዚያ ቀን በፊቱ የነበሩት ሹማምንት በየማዕረጋቸው እዚያ ይጻፋሉ። የዕቃ ቤቱ መስቀል፣ ጽና፣ ካባና መጽሐፍ ተቆጥሮ እዚያ ይሰፍራል። ማን ምን እንደሰጠ፣ ማን ምን እንደተዋሰ ይመዘገባል። የእግዚአብሔር ቃል በመካከል፣ የሰው ኑሮ በዳር፣ በአንድ ጥራዝ ታስረው ይኖራሉ።

ለዕለት ጉዳይ ማስታወሻ ወንጌል የተመረጠበት ምክንያት ለአገሬው ግልጽ ነበር። ነገሥታቱ ረጅም ዘመን ከሰፈር ሰፈር በድንኳን ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው፤ ድንኳን መዝገብ ቤት አይሆንም። ገዳም ግን ከቦታው አይነሣም፣ ደሴት ላይ ያለ ገዳም ደግሞ ከማንም በላይ ይጸናል። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሩን ሲያዳርስ፣ ከዚያም በኋላ በየክፉ ቀኑ፣ ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች የሚሸሸው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። ሰው የሚምለው በወንጌል ነው። በወንጌል ላይ የተጻፈ ቃል ገና ሲጻፍ መሐላ ሆኗል ማለት ነው። በማስታወሻው መጨረሻ ግዝት ይከተላል፤ ይህን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ የለወጠ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተለየ ይሁን የሚል። ፖሊስ ባልነበረበት አገር መዝገብን የሚጠብቅ ዘበኛ ይህ ነበር።

እነዚህን ገጾች ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የእጁን ልዩነት ነው። ወንጌሉ በቁም ጽሕፈት፣ በሰፊ መቃ፣ ፊደሉ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮ ተጽፏል። ማስታወሻው ግን ቀጠን ይላል፣ ይዘማል፣ መስመሩን ይስታል፣ አንዳንዴም ቀለሙ ፈዝዞ ቡናማ ሆኗል። ቋንቋውም ይለወጣል። በግዕዝ የጀመረ ጸሐፊ የመሬቱን ስምና የሰዎቹን ጉዳይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ይንሸራተታል፤ ማሳ፣ ወንዝ፣ ጎረቤትና ዕዳ በአፉ ያሉት በአማርኛ ነውና። አማርኛ የመጻሕፍት ቋንቋ ከመሆኑ በፊት በኅዳግ ላይ የኖረ ቋንቋ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህ ልማድ ከሁሉ የሰፋው በጎንደር ዘመን ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደርና በበጌምድር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ውስጥ ከነገሥታት ስጦታ ጎን የሰዎች የግል ጉዳይ እየበዛ መጣ፤ የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ የውርስ ክፍፍል፣ የሙግት እርቅ። የአንድ ሽያጭ ማስታወሻ ጥቂት መስመር ብቻ ናት። እገሌ ለእገሊት በዚህ ቦታ ያለውን መሬት በይህን ያህል ወቄት ወርቅ ሸጠ፤ ዋሱ እገሌ፤ ምስክሩ እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ። ቀን ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይጻፍም፤ በዘመነ ሉቃስ፣ እገሌ አለቃ፣ እገሌ ዳኛ ሳሉ ይባላል። ዓመቱ የሚታወቀው በሹሙ ስም ነው፤ ጊዜ ራሱ በሰው ተመስክሮለታል።

«እገሊት» ያልሁት ለአፍ ማሳመር አይደለም። በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ ሴቶች ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይሟገታሉ። ዜና መዋዕሉ ስለ ዘመቻ ሲያወራ የማያነሣቸው የበጌምድር ወይዛዝርት በኅዳጉ ላይ ከነርስታቸው ተገኝተዋል። ከላያቸው እቴጌ ምንትዋብ ነበረች። ባሏ ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ከልጇ ከኢያሱ ጋር መንግሥቱን ይዛ በጎንደር ቁስቋምን፣ በጣና ላይ በደቅ ደሴት ጥግ ናርጋ ሥላሴን አሠራች። እንዲህ ያለ ደብር ሲተከል ካህናቱ የሚያድሩበት መሬት በስም በስሙ ተቆጥሮ ይጻፋል። ሕንፃው የድንጋይ ነው፤ ደብሩን ለትውልድ የሚያቆመው ግን ያቺ የመሬት ዝርዝር ናት።

በዚያው ዘመን ሌላም የእጅ ጽሑፍ በሰው አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ይለካል፣ የክርስትና ስሙ በየጸሎቱ መካከል ይገባል። ብዙ የቤተ ክህነት ሰዎች ክታብን ይነቅፋሉ፤ እኔም የማነሣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጽሑፉና የሰውዬው ገላ አንድ ልክ ነበራቸው። የወንጌሉን ኅዳግ ያጸና እምነትም የራቀ አይደለም፤ በእጅ የተጻፈ ስም ሰውዬው ራሱ እዚያ እንደቆመ ያህል ይቆጠራል።

ወደ 19ኛው መቶ ዓመት ስንሻገር ዐፄ ቴዎድሮስ ይመጣሉ። ከቤተ ክህነት ጋር የተጣሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ኅዳግ ነው ማለት ይቻላል። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው የተረፈውን መሬት ለጦራቸው ሊያደርጉ ሲነሡ፣ የደብሮቹ መልስ በአባቶቻቸው ወንጌል ላይ የተጻፈው የነገሥታት ስጦታ ነበር። ንጉሡ መጽሐፉን እንጂ ኅዳጉን ማክበር አልፈለጉም።

እኚሁ ንጉሥ ግን በዕለት ጽሑፍ ረገድ ውለታ የዋሉልን ናቸው። ደብዳቤያቸውን በአማርኛ ያጽፉ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱና የእንግሊዝ ቆንስልና ሚሲዮናውያን መታሰራቸው የታወቀ ነው። ያን ሊያበርድ የተላከው ሆርሙዝ ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነበር፤ በጥር 1858 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት ቀረበ፣ በየካቲት በጣና ምሥራቃዊ ዳር በቆራጣ፣ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ባለበት የነጋዴዎች ከተማ ተቀመጠ። ንጉሡ ከሐይቁ ማዶ በዘጌ በኩል ሰፈሩ። በዚያን ወራት በሁለቱ መካከል የተመላለሰው ደብዳቤ የሚገርም ነው። አንዳንዱ ትልቅ ጉዳይ የለበትም። እንዴት ሰነበትህ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እንግዶቹ ደህና ናቸው ወይ፣ ይህን ልኬልሃለሁ፣ አይዞህ። መልእክተኛ ሐይቁን ዞሮ ወይም በደንገል ታንኳ አቋርጦ ሰላምታ ያደርሳል፣ ሰላምታ ይዞ ይመለሳል።

እነዚህን ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ ለኅትመት ሲያበቋቸው ብዙ አንባቢ የፈለገው ፖለቲካውን ነበር። እኔን የሚይዘኝ ሰላምታው ነው። «ይድረስ» ብሎ የሚጀምር፣ ጤና ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የማይገባ፣ ራሱም ደህና መሆኑን ሳያስታውቅ የማያልፍ አጻጻፍ ከንጉሥ እስከ ገበሬ አንድ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ከባሕር ዳር ለወታደር ልጅ የተጻፈ ደብዳቤም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ሰላምታው ንጉሡ እጅ ላይም ከልብ ነበር ብዬ አምናለሁ። በሚያዝያ ሐሳባቸው ተለውጦ ራሳምንና ጓደኞቹን ባሰሩ ጊዜ እንኳ የደብዳቤው ወግ አልተቋረጠም።

ስለ ራሳም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ ሰው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1853፣ በነነዌ ፍርስራሽ የንጉሥ አሹርባኒፓልን የሸክላ ጽላቶች ያወጣ ቁፋሮ መሪ ነበር። ከመቅደላ እስር ተርፎ ከተመለሰም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1881 አካባቢ በሲፓር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጽላቶች አገኘ። አብዛኞቹ የዕለት ጽሑፎች ነበሩ፤ የእህል መዝገብ፣ የሽያጭ ውል፣ የብድር ሰነድ፣ የምስክሮች ስም። ምስክሮቹን በስም ቆጥሮ መሬት የሚሸጥበት ወግ ከባቢሎን እስከ በጌምድር ምን ያህል ተመሳሳይ እንደሆነ ያን ጊዜ አስተውሎት ይሆን? በቆራጣ ሳለ ከሐይቁ ዙሪያ ባሉ ዕቃ ቤቶች ውስጥ ያው ነገር በብራና ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ተጭነው መቅደላ ገቡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋቸው፤ 350 ገደማ የሚሆኑት ለንደን ገብተው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ። ወሳጆቹ መጽሐፍ የወሰዱ መሰላቸው። አብሮ የሄደው የጎንደር ሰዎች ርስት፣ ኑዛዜና ውል ነው። ከተማው የቱ መሬት የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መዝገብ በባሕር ማዶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። የቴዎድሮስ ግምጃ ቤት የግብርና የዕቃ መዝገብም እዚያው ነበር፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ሲያሳትመው የተረጎመው ያው ግርማ ሥላሴ አስፋው ነው። የንጉሡን ሰላምታም የገበያውን ቀረጥም ለዓለም ያነበበው አንድ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ባለቤቶቹ ግን የጠፋባቸውን ያውቁ ነበር። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። የሰጡት ምክንያት መጽሐፉ የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ታሪክ ስለያዘ ብቻ አልነበረም። የሹሞቹ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአገሮቹ ስም በእርሱ ስላለ ሕዝቤ ያለ እርሱ አይታዘዝልኝም አሉ። ስለ ኅዳጉ ክብር ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። መጽሐፉ በዚያው በፈረንጆች ዓመት ተመለሰ። ከመቅደላ የሄዱት አብዛኞቹ አልተመለሱም።

የሚቀጥለው ዘመን የማኅተምና የፖስታ ነው። በ1886 ዓ.ም. የምኒልክ ምስል ያለበት ቴምብር ወጣ፤ መንገድ ለሌለው ለጣና ዳር ሰው ግን ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ በእግረኛና በነጋዴ እጅ መሄዱን አልተወም። መቅደላ በወደቀበት ዓመት በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ልብ ወለድ ታሪክን አሳተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ክታብና ዳዊት በእጅ ከሚጻፍበት ባሕር ገብ መሬት የወጣ ልጅ አማርኛን ከኅዳግ አንሥቶ በእርሳስ ፊደል ገጽ ሙሉ አደረገው።

ባሕር ዳር ከጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ካለች መንደር ወደ ከተማነት ያደገችው ከጣልያን ወረራ ወዲህ ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የዓባይ ድልድይ ተከፈቱ፤ ፖሊቴክኒኩም ተከተለ። የሠራተኛ ደመወዝ ፊርማ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የገንዘብ መላኪያ ወረቀት መጣ። በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛውን ዘረጋ፤ የባለጉዳዩን እሮሮ አዳምጦ «ጉዳዩ» ብሎ በሁለት መስመር ያሰምርበታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ሊነበብ የሚገባው ነው። አርቃቂው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበር፤ ሕጉ ግን የበጌምድርን ሽማግሌዎች የሚያስደስት ነገር ይዟል። በቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ካልተፈረመና በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም። ኑዛዜን በተመለከተ ደግሞ ቁጥር 884 ሰው በራሱ ጽሑፍ የሚያደርገው ኑዛዜ ከዳር እስከ ዳር በገዛ እጁ የተጻፈ እንዲሆን ያዛል። በታይፕ ከጻፈው በየገጹ ይህንኑ በእጁ ጽፎ ማመልከት አለበት። ሕጉ ማሽኑን አላመነም፤ እጁን አመነ።

ያኔ ነው የውጭ ሊቃውንትም ወደ ደሴቶቹ ካሜራ ይዘው የመጡት። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የክብራንን፣ ከባሕር ዳር አጠገብ የዓባይ መውጫ ላይ ያለችውን የደብረ ማርያምንና የሬማን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ የክብራኑ ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ካታሎግ ሲዘጋጅ ዋናው ጽሑፍ ትልቅ ቦታ ይይዛል፣ የኅዳጉ ማስታወሻ በትንሽ ፊደል ከታች ይጠቀሳል። ልማዱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማበትም። ገድሉ በሌላ ገዳምም ይገኛል፤ ያቺ የሽያጭ ማስታወሻ ግን ከዚያች ገጽ በቀር የትም የለችም። ይህን በሚገባ የተረዳው ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ ነው። ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በየደብሩ እየዞረ፣ ለንደን ያሉትንም ጨምሮ፣ ኅዳጉን ብቻ ለቀመ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መጽሐፉ የክርስቲያኑን መንግሥት የመሬት ታሪክ ከእነዚያ ጥቂት መስመሮች ገንብቶ አሳየ።

ማስታወሻዎቹ ለታሪክ ሲነበቡ ለሕግ ግን ሞተው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የአምስትና የስድስት መቶ ዓመት የጉልት ጽሑፍ በአንድ ቀን ሥልጣኑን አጣ። ለገበሬው ነፃነት ነበር፤ ይህን አልክድም። ገዳማቱም ወንጌሉን አልጣሉትም፤ እንደ ድሮው በጨርቅ ጠቅልለው አኖሩት።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩ እናቶች በየቀበሌው ደብተር ይዘው ተቀመጡ። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈች ሴት ፊደሏን እንዴት እንደምትጫነው ያየ ያውቃል፤ ወረቀቱ ከጀርባው ይቀረጻል።

ያ ዘመን የጦርነትም ዘመን ነበር። በሰፈራችን ደብዳቤ አንባቢ ልጅ ነበርሁ። ልጇ ሰሜን ግንባር የነበረ ጎረቤታችን ደብዳቤ ሲመጣላት ታስጠራኛለች። ገና ፖስታውን ሳልከፍት ቡናውን ትተዋለች። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ «እስቲ ያችን ድገምልኝ፣ የኔ ልጅ» ትላለች። አንድ ቀን አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ከመሶቡ ሥር ካለው ቋጠሮ የበፊቱን ደብዳቤ አውጥታ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በዘመቻው የተማረችው ስሟን መጻፍ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ይኼ የሱ እጅ አይደለም» አለች። እኔ አንባቢው አላስተዋልሁም ነበር። ቃሉ የልጇ ነው፣ ሰላምታው ያው ነው፣ የጎረቤቱን ስም ሁሉ በተራ ጠርቷል። እጁ ግን የሌላ ሰው ነበር። ከወራት በኋላ በመጣው ደብዳቤ ቀኝ እጁ ቆስሎ ጓደኛው እንደጻፈለት ነገረን።

ሰው ያለ ፊደል የሚያነበው ጽሑፍ እንዳለ ያኔ አየሁ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር የቀበሌ ኮሚቴዎች ማሳውን በገመድ እየለኩ፣ አዋሳኙን በየአቅጣጫው እየጠሩ በእጅ መዘገቡ። ለገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ያለበት። በደብተሩ ላይ በሰሜን እገሌ፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በደቡብ እገሊት ተብሎ ሲነበብ ከጎንደር ዘመን የመጣ ድምፅ ይሰማኛል። ያኔም ማሳ የሚታወቀው በጎረቤቱ ነበር፤ ያኔም ሴቲቱ በስሟ ተጽፋ ነበር። በመካከል የጠፋችበትን ዘመን እያሰብሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ሰላምታ በስልክ ይላካል፣ ውል በኮምፒውተር ይታተማል። በዕድራችን ግን አሁንም የእጅ መዝገብ አለ። ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነው፤ ጸሐፊው በየወሩ የመዋጮውን ስም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሞላል፣ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ይፈርማሉ። ዋናው መዝገብ በመካከል ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ ባዶ ገጽና የሽፋኑ ውስጠኛ ግን በሌላ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ በልዩ ልዩ እጅ፣ ዘሞ፣ ተጣቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። ማን ድንኳን እንደወሰደ፣ ማን ስንት አግዳሚ ወንበርና ስንት ብረት ድስት እንደተዋሰ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ። ባለፈው እሑድ አንዲት ጎረቤት ለልጇ ሠርግ የተዋሰችውን ሁለት ትልልቅ ድስት መለሰች። ጸሐፊው ቆጥሮ ተረከባት፣ በስሟ ላይ አንድ መስመር ሳበ፣ ከጎኑ «ተመልሷል» ብሎ ጻፈ፤ እሷም ከሥሩ ፈረመች።